ከድጋፍ ግንብ ጀርባ ያለውን ውሃ ማን ያስወጣው? ግንበኛ፣ ኮንትራክተር ወይስ መሃንዲስ

ክረምት ሲወጣ ጓደኞቼ የሚልኩልኝ ፎቶ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ሆዱን የገፋ የድንጋይ ግንብ፣ መጋጠሚያው ላይ ነጭ ጨው፣ ከሥሩ ጭቃ። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ግንበኛ ላምጣ፣ ኮንትራክተር ልያዝ ወይስ መሃንዲስ ልጥራ?» አዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ እስከ ፈረንሳይና ጉራራ ተዳፋት ላይ የሠራ ሰው ይሄ ጥያቄ አይቀርለትም። እኔ መልሴ አንድ ነው። ለመሃንዲሱ ለብቻው ክፈሉ፣ ሥራውን ጥሩ ግንበኛ ይሥራው፣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ወር አይቆይም። እኔ የምቆጥረው በሲኖ፣ ማለትም በገልባጭ መኪና ጭነት ነው፤ አንድ ሲኖ 02 የሚባለው ጠጠር ሰፈራችሁ ድረስ ስንት እንደሚገባ ጠይቁና አባዙት።

ሥራው የግንቡን ጀርባ ቆፍሮ፣ ከሥሩ የተበሳ ቱቦ ዘርግቶ፣ ውሃው ወደ ቱቦው እንዲወርድ በጠጠር መሙላት ነው። 15 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ እንውሰድ። ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይገባል ብንል 13.5 ሜትር ኪዩብ ነው። 16 ኪዩብ ተብሎ የሚሸጠው ሲኖ ብዙ ጊዜ ጎድሎ ስለሚመጣ አንዱ ልክ ይሆናል (ሹፌሩ ቢያኮርፍም ሳይገለብጥ ጭነቱን በሜትር ለኩት)። ባለ 6 ሜትር ቱቦ ሦስት ፍሬ ይበቃል። ጠጠሩን ከአፈሩ የሚለይ ጨርቅ አለ፣ ጥቂት ሲሚንቶ አለ። ዕቃው ይኸው ነው። ገንዘቡን የሚበላው ግን አፈሩ ነው። ሰው ገብቶ እንዲሠራ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብትቆፍሩ 36 ኪዩብ ይወጣል፤ ጥቁር አፈር ደግሞ ሲፈነቀል ስለሚነፋ ሦስት ሲኖ ገደማ ይሆናል። የቀረውን ክፍተት በገረገንቲ (ለሙሌት የሚሆን ድንጋያማ አፈር) ለመሙላት ሌላ ሁለት ሲኖ። እንግዲህ አንድ ሲኖ ጠጠር ለማስገባት አምስት ሲኖ ይመላለሳል። የቆፈረውን አፈር እዚያው መልሶ የደፈነ ሰው እነዚያን አምስቱን ኪሱ ከተተ ማለት ነው፤ ማን ያየዋል?

በቁርጥ የሚይዝ ኮንትራክተር ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ከዚህ ይጀምራል። ዋጋው ከሁሉም ውድ ነው፣ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ «ያለ ደረሰኝ ላድርግልህ?» ይመጣል፤ እሺ ካላችሁ ነገ የምትከራከሩበት ወረቀት የለም። የአክስቴ ልጅ ግንቡን እንዲህ አሠራ። ከፊት ሲታይ የሚያምር፣ በየሜትር ተኩሉ ቱቦ ብቅ ያለበት። ክረምቱ ሲገባ ግን አንድም ጠብታ አይወጣም። ባለ 12 ፌሮ አምጥተን አንዱ ቱቦ ውስጥ ሰደድነው። ግንቡ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ፌሮው 20 ላይ ቆመ። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስተኛው እስከ ጀርባው ይደርሳል፣ ግን ሞርታር እንዳይገባ የተጠቀጠቀው የሲሚንቶ ወረቀት አሁንም ውስጡ ነበር። ደውለን ስንጠይቅ ፎርማኑ ምን አለ? «ጋሼ፣ እኛ ስናስረክብ እኮ ደረቅ ነበር።» ያስረከቡት ጥር ላይ ነው!

ይሄ የጌጥ ቱቦ ቀልድ አይደለም። ከ3 ሜትር ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አፉ ከሞላ እያንዳንዱን ሜትር ወደ 4.5 ቶን በሚደርስ ጉልበት ይገፋል። በ15 ሜትሩ ላይ 67 ቶን ገደማ፣ ያውም የአፈሩ ግፊት ሳይቆጠር።

በቀን ሒሳብ የሚሠራ ግንበኛ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ሲጠርብና ሲያናብብ ደግሞ ማንም አይደርስበትም። የውሃው ነገር ላይ ግን «ቱቦ አድርጌበታለሁ» ብሎ ያልፋል። ቱቦው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ መውጫው የት እንደሚያርፍ አይጨነቅበትም፤ ጎረቤት ግቢ ካረፈ ወረዳ የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ። ከዋጋ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቁፋሮው ነው። ቶሎ ለመጨረስ 15 ሜትሩን በአንዴ ይከፍቱታል፤ 3 ሜትር ጥልቅ፣ ድጋፍ የሌለው ቦይ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ማስገባት ነፍስ ማስያዝ ነው። በበጋ፣ በትንሽ በትንሹ እየተከፈተ፣ ጎኑ በእንጨት እየተደገፈ መሠራት አለበት። ቁፋሮን በቀን አትክፈሉ፣ በኪዩብ ተዋዋሉ፤ በቀን ከሆነ አካፋው ያንቀላፋል።

መሃንዲሱ የሚያስፈልገው ለአንድ ወረቀት ንድፍና ለሦስት ጉብኝት ነው፦ ቦዩ ሲከፈት፣ ቱቦው ተዘርግቶ ጠጠር ሳይለብስ፣ ከላይ ሳይደፈን። እኔ የማውቃቸው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከሁለት ሲኖ ጠጠር ዋጋ ያለፈ አልጠየቁም። በየጉብኝቱ ቦታው ላይ ክፈሉት፣ ያልመጣበትን አትክፈሉ። መሃንዲሱ «ሠራተኛም እኔው አመጣለሁ» ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ፤ ሠሪና ተቆጣጣሪው የሚመሳጠሩበት ቤት ይሆናል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆናችሁ በወንድም የምታሠሩ ከሆነማ ያለ መሃንዲስ አትጀምሩ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሳይሸፈን ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይላክላችሁ።

ዕቃ ስትገዙ ሦስት ነገር ላይ ትታለላላችሁ። አንደኛው ጠጠሩ ነው፤ ገረገንቲ በጠጠር ስም ይመጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩና ናጡት። ውሃው ቡና ከመሰለ መልሱት፣ ያ ደቃቅ አፈር ነው በሁለት ክረምት ሁሉንም የሚደፍነው። ጨርቁም አለ። ትክክለኛው ጂኦቴክስታይል ወፈር ያለ፣ እንደ ብርድ ልብስ ለስለስ ያለ ሆኖ ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው ያሳልፋል፤ በርካሽ የሚሰጧችሁ የማዳበሪያ ጆንያ ዓይነት ሽመና ግን ውሃውን አቁሮ ይይዘዋል። ቱቦው ደግሞ ከጫፉ በጣት ሲጫኑት እጥፍ የሚል ከሆነ ከ3 ሜትር ሙሌት ሥር አይቆይም። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩን፣ ግድግዳው ወፍራሙን ግዙ። በሦስት ፍሬ ላይ የምታተርፉት ብር አንድ ጊዜ እንደገና ከመቆፈር ጋር አይወዳደርም። ቀዳዳውን በድሪል ይብሱት፤ በጋለ ፌሮ የተበሳው ጠርዙ ቀልጦ ይጠባል፣ ጭቃም ይይዛል።

ኮንትራክተር የምመርጥበት ጊዜም አለ። ግንቡ ከ4 ሜትር ካለፈ፣ ከሥሩ የሰው ቤት ካለ ወይም ከወዲሁ ካዘነበለ ነገሩ ውሃ ማስወጣት ብቻ ስላልሆነ ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት በውል ይያዘው። ያኔም መሃንዲሱ የእናንተ ይሁን።

የማንንም ሥራ ስትረከቡ የላዩ ሳይደፈን ሁለት በርሜል ውሃ ጠጠሩ ላይ አስፈሱ። በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ካልወጣ የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ቢወጣም አሥር በመቶውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያዙ፣ ይሄንንም ገና ሥራው ሳይጀመር ውሉ ላይ አስፍሩት።