ኳስ ከመነፋቱ በፊት፦ አንድ የጅማ የልጆች የክረምት ካምፕ ከዕቃ ቤቱ በኩል ሲታይ

ልጆቼ፣ የ12 ዓመቷና የ8 ዓመቱ፣ ያለፈውን ክረምት ያሳለፉት እዚሁ ጅማ፣ የሰፈራችን አሰልጣኞች በሚያዘጋጁት የእግር ኳስ ካምፕ ነው። ነርስ መሆኔን ያወቀው ዋናው አሰልጣኝ «ሲስተር፣ ተረኛ ባልሆንሽበት ጠዋት የመጀመሪያ እርዳታውን ብትይዢልን» አለኝ፤ እሺ አልኩት። በዚህ ምክንያት ከአጥር ውጭ የሚቆም ወላጅ የማያየውን አየሁ። ልጅ ለማስመዝገብ ለምታስቡ መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሳትሰጉ ስጧቸው።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አሰልጣኞቹ ግን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደርሰዋል። ጎን ለጎን ተሰልፈው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሱ ይሄዳሉ። የጠርሙስ ስባሪ፣ ሚስማርና ድንጋይ ይለቀማል፤ ሌሊት ዝናብ የቦረቦረው በአሸዋ ይሞላል። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ የመግቢያው ጭቃ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም፤ እዚያ ላይ ከእንጨት ሥራ ቤት ያመጡትን ሰጋቱራ ያነጥፉበታል።

ከዚያ ወደ ግቦቹ ነው። ተንቀሳቃሽ የብረት ግቦች ስለሆኑ ከኋላ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይጫንባቸዋል፤ አንዱ አሰልጣኝ አግዳሚውን ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ፊት ይጎትታል። ከተነቃነቀ ሌላ ጆንያ ይጨመራል። ልጅ ግብ ላይ መንጠልጠል ይወዳል፤ ያልታሰረ ግብ ላዩ ላይ ወድቆ ልጅ የሞተበት አጋጣሚ በተለያዩ አገሮች ደርሷል። ድንገተኛ ክፍል ለሠራ ሰው ይህን ፍተሻ ማየት ትልቅ እፎይታ ነው። መስመሩንም ቢሆን በኖራ አያሰምሩም፤ እርጥብ ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በኮን ብቻ ይለያሉ።

ኳሶቹ በዕድሜ ተለይተው ይነፋሉ። ለትንንሾቹ ቁጥር 4፣ ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ቁጥር 5። ቁጥር 5 ከ410 እስከ 450 ግራም የሚመዝን የአዋቂ ኳስ ነው፤ ለ8 ዓመት ልጅ እግር ይከብዳል። ለትንንሾቹ የቴስታ ልምምድ የሚባል ነገርም የለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ ማውጣቱን አሰልጣኙ በምዝገባው ቀን ለወላጆች አስረድቷል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በከተማችን የነበረውን ደስታ ያየ ወላጅ ሁሉ ልጁ ማሊያውን እንዲለብስ ይመኛል። አሰልጣኙ ግን ለማንም «ልጅዎን ተጫዋች አደርጋለሁ» አላለም። ያለው «ጤነኛ ሆነው መጥተው ጤነኛ ሆነው ይመለሳሉ» ነው።

የምዝገባ ቅጹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተዘጋጅቷል። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የሁለት ሰው ስልክ፣ ልጁን ማን እንደሚወስደው ይጠይቃል። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመድኃኒት ሳጥኑ ጋር ሜዳ ዳር ይቀመጣል፤ ቢሮ ውስጥ አይቆለፍበትም። በማቀዝቀዣ ሣጥኑ ውስጥ ውሃ ተሞልቶባቸው በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች አሉ፤ ቁርጭምጭሚት ሲዞር በጨርቅ ጠቅልዬ የምይዝባቸው እነሱን ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የፍልሰታ ዝግጅታቸው ነው። ነሐሴ 1 ጾሙ ከመግባቱ በፊት የትኛው ልጅ እንደሚጾም፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከየቤቱ ተጠየቀ። እንቁላሉ ቀርቶ ለሁሉም ዳቦ በአቮካዶ፣ ሙዝና ቆሎ ሆነ፤ ማንም ከማንም ተለይቶ አልበላም። እስከ ቀትር ውሃ የማይቀምሱት ልጆች ሩጫ ቀርቶላቸው ኳስ ማቀበልና ቦታ አያያዝ ብቻ እንዲለማመዱ ተደረገ። ዓርብ ደግሞ የሙስሊም ልጆች ለጁምአ ታጥበው እንዲደርሱ ሥልጠናው ቀደም ብሎ ያበቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ልጅ ከወደቀ በኋላ ነው።

መብረቅ ሲበርቅ ልጆቹ ራሳቸው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፦ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...»። 30 ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ሁሉም ወደ መማሪያ ክፍሉ ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አይወጣም። ትልቅ ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። በመዝጊያው ግጥሚያ አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ልጁ ደህና ነኝ አለ፤ አባትየውም ይመለስ ብለው ለመኑ። አሰልጣኙ «ጋሼ፣ ራሱን የተመታ ልጅ በዚያው ቀን አይጫወትም» ብሎ በአክብሮት እምቢ አለ። እኔም አባትየውን ጠርቼ ማታ ምን ምን ምልክት እንደሚከታተሉ ነገርኳቸው፦ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር።

ጉድለትም አለ፤ ትልቁ የመጸዳጃው ነው። ለወንዱም ለሴቱም አንድ ሲሆን መቀርቀሪያው አይይዝም። ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በዚህ ምክንያት ሥልጠናውን አቋርጠው ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ የእኔም ልጅ እንዲሁ። ለሴቶቹ የተለየ፣ የሚቆለፍና ውሃ ያለው ቦታ ሳይዘጋጅ ሴቶችን እንቀበላለን ማለት ተገቢ አይደለም። ለአዘጋጆቹም ይህንኑ ፊት ለፊት ነግሬአቸዋለሁ፤ ለመጪው ክረምት እንደሚያስተካክሉ ቃል ገብተዋል። ሌላው መልእክት ነው። ዝናብ ሥልጠናውን ሲሰርዘው በቴሌግራም ብቻ ስለሚነገር ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች ልጃቸውን ይዘው በባጃጅ መጥተው ይመለሳሉ። አጭር የስልክ መልእክት ይበቃ ነበር።

ክፍያው ማሊያውንና መክሰሱን ያካትታል፤ ለሁለተኛ ልጅ ይቀንሳሉ። ምዝገባው የሚጀምረው ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ፈተና ሲጨርስ ነው። ታኬታ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከትልልቆቹ የተረፉ፣ ታጥበው በቁጥር የተለዩ አሉ፣ መጀመሪያ ከዚያ አስለኩ። ሸራ ጫማ ብቻ ያለውም ይምጣ፤ ታኬታ ያደረገ እንዳይረግጠው በእርጥብ ቀን ሸራ ለባሾቹን ለብቻ ያጫውቷቸዋል። መለወጫ ካልሲና ስሙ የተጻፈበት የውሃ መያዣ ግን ከቤት ይዞ ይምጣ።