ስሜን አታንሳ ላሉኝ መካኒክ

ይህን ልጽፍ ስል ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ጻፍ፣ ስሜን ግን አታንሳ፤ ቤቴ በር ላይ ሰልፍ አልፈልግም» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ እዚህ ስምም ስልክም የለም። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ከቤታቸው ጓሮ፣ መኪና እንኳ በማታስገባ ጠባብ ጋራዥ፣ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል የሚሠሩ የ72 ዓመት ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሳወራቸው ያው «ዩ» ነው። በልቤ ግን አንቱ ናቸው።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባህር ዳር ብስክሌት ላይ ነው ያደግሁት። የሞተር አምሮት የያዘኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከአርባ ዓመቴ ወዲህ። አንድ እሁድ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ መጥተው ቆሙ። የሞተራቸው ድምፅ የአውቶቡሱን መስታወት ሲያንቀጠቅጠው ተሰማኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም እኔ አልሄድኩም። ተሳፋሪ ጮኸብኝ።

ከስድስት ወር በኋላ አንዷን ገዛሁ። ትራያምፍ ቦነቪል ቲ120፣ የ1970 ስሪት (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፣ 649 ሲሲ። 5,800 ፓውንድ። ባለቤቴ «በዚህ ብር መኪና ይገዛ የለም እንዴ?» አለች። መኪና አለን አልኳት። «ታዲያ ይቺ ምን ልትሠራ ነው?» አለች። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም።

ይቺን የመረጥኩት ለሰፈሬ ልጅነቷ ነው። የተሠራችው እዚሁ ኮቨንትሪ ጥግ ሜሪደን ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማውን ሲያነዱት የትራያምፍ ፋብሪካም አብሮ ወደመ። በ1942 ሜሪደን ላይ አዲስ ተከፈተ። ዛሬ ቦታው መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ አንዱ መንገድ ቦነቪል ክሎዝ ይባላል። ቦነቪል ራሱ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያለ የጨው ሜዳ ነው። የእኛን አፋር አስቡት። በ1956 ጆኒ አለን የሚባል ሰው በትራያምፍ ሞተር በሰዓት 214 ማይል የበረረው እዚያ ላይ ነው። ስሙ ከዚያ መጣ።

እንግዲህ ገዛኋት፣ ቤት አስገባኋት። በማግስቱ ሥሯ ኩሬ። ሻጩ ቀድሞ «የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ዘይት የማያንጠባጥብ ከሆነ ዘይት ጨርሷል ማለት ነው» ብሎ አስቆኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሳቅሁ። ካርቶን አነጠፍኩላት። በወሩ ካርቶን አልቆብኝ ነበር። አንድ ወርክሾፕ ወሰድኳት። ልጁ አየት አደረጋትና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ 2,800 ፓውንድ አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለባለቤቴም አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ እያነበበች ነው።

ዴፖ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው ወደ ሽማግሌው የላከኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። መጀመሪያ ሻይ አፈሉ። ሻይ ሳይጠጣ ሥራ የለም እሳቸው ጋ። ከዚያ «አስነሳት» አሉኝ። አስነሳሁ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ሰሙ። ከኋላ ዞሩ፣ ጎንበስ አሉና በኋላ ጎማ መከለያው በኩል የሚሄደውን ቱቦ ሳብ አደረጉት። ከመቀመጫው ሥር ታጥፎ በማሰሪያ ታንቋል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው መሆን አለበት፣ ለማሳመር ብሎ።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። በዚህ ሞተር ሁለቱ ፒስቶኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሲወርዱ ከሥራቸው ያለውን አየር ይጨምቁታል። ልክ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ማለት ነው (ወናፉ የኔ ነው፣ እሳቸው የብስክሌት ፓምፕ ነው ያሉት)። ያ አየር በመተንፈሻው ቱቦ መውጣት አለበት። ቱቦው ከታነቀ በየጓርኒሲዮኑ፣ ማለት በየማሸጊያው፣ ስንጥቅ ዘይቱን እየገፋ ይወጣል። ሞተሩ ደህና ነው። መተንፈስ ነው ያቃተው።

ቱቦውን ቀየሩ። ሁለት ጓርኒሲዮን ለወጡ። «40 ፓውንድ» አሉኝ። በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። 2,800 ተብዬ ነበር ስላቸው ትከሻቸውን ሰበቁና ጽዋቸውን ማጠብ ጀመሩ። ስለዚያ ወርክሾፕ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አሁን ካርቶኑ ላይ በሳምንት ሁለት ጠብታ አያለሁ። «ሁለት ጠብታ ሰላምታ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ መካኒኬም አስተማሪዬም ናቸው። እኔ ራሴ ልሠራው የምችለውን ሥራ አይሠሩልኝም። ይቆማሉ፣ ያሳያሉ፣ ስሳሳት ያስላሉ። ብሎኗ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዞች ያኔ ከድሮው መለኪያ ወደ አዲሱ እየተሻገሩ ስለነበር አንዷ ሞተር ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ጥርስ ያለው ብሎን ይገኛል። ዊትዎርዝ የሚባለው የድሮ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የብሎኑን ጭንቅላት አይለካም፣ የግንዱን ውፍረት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በዘመኑ መፍቻ ታግዬ የሁለት ዳዶ ጥግ አክብቤያለሁ። ሽማግሌው ሲያዩት ፊታቸው የሞተ ሰው ያዩ ነው የመሰለው።

በዚህ መሃል አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። እኔ የጋራዥ ቃል የማውቀው አገር ቤት ነው፣ ያ ደግሞ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው)፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ። ግራ ሲገባኝ በእሱ አመልጣለሁ። አሁን እሳቸውም «ካንዴላ» ማለት ጀምረዋል። ካንዴላ አቀብለኝ ሲሉኝ የመርካቶ ጋራዥ ያለሁ ይመስለኛል።

የዘይት ማጣሪያዋ ወንፊት ብቻ ነው፣ እንደ ዘመኑ የወረቀት ማጣሪያ የላትም። ስለዚህ በየ1,500 ማይሉ ዘይት እንድቀይር አዝዘውኛል። 20-50 ዘይት፣ ሌላ አይሆንም። ቤንዚኑም ጣጣ አለው። ከ2021 ጀምሮ እዚህ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የሚባል አልኮል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ የጎማ ቱቦና ማሸጊያ ይበላል። እኔ ውዱን፣ 5 በመቶ ያለበትን ነው የምቀዳው።

ማስነሳቱ ራሱ ሥርዓት አለው። የቤንዚኑን ቧንቧ ከፈት። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ቤንዚን ጣት እስኪያርስ ድረስ ጫን። ፍሪሲዮኑን ይዞ አንዴ ሁለቴ ረገጥ፣ አድረው የተጣበቁት ሳህኖች እንዲላቀቁ። ከዚያ ነው ዋናው እርግጫ። ሰነፍ እርግጫ ከሆነ መልሳ ትመታለች፤ ባታችሁ ይመሰክራል። ባለቤቴ «ቡና አፍልቼ አቦሉን እጠጣለሁ፣ አንተ ገና አልወጣህም» ትላለች። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው። ከዘመናዊ ሞተር ለመጣ ሰው አደገኛ ነው። የመጀመሪያውን ወር ፍሬን ልይዝ ብዬ ማርሽ ቀይሬያለሁ።

ወጪውን የሚጠይቀኝ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያ ዓመቴን ልናገር። ሁለት አዲስ ካርቡሬተር 270 ፓውንድ። ጎማና ከመነዳሪ 230። ኢንሹራንስ 140፣ ርካሽ የሆነው ትንሽ ስለምነዳት ነው። የሽማግሌው እጅ በዓመት 310። ባትሪ፣ ሰንሰለት፣ ዘይት፣ አሮጌ መፍቻዎች፣ ጥቃቅኑ ሁሉ ተደምሮ 510። በድምሩ 1,460 ፓውንድ። የመንገድ ግብር የለባትም፤ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ነጻ ነው፣ በየዓመቱ መመዝገቡ ግን አይቀርም። ከ2018 ወዲህ ዓመታዊ ምርመራም አይገደድም። እኔ ግን በዓመት አንዴ ሽማግሌው ፊት አቆማታለሁ። ከመንግሥት ይልቅ እሳቸውን እፈራለሁ።

በ16 ዓመታቸው ነው ሜሪደን የገቡት፣ በ1969። «እንግዲያው የኔን ሠርተዋታል?» ብዬ ጓጓሁ። «ያኔ ሥራዬ መጥረግና ሻይ ማደል ነበር» አሉ። «ያንተን የገጠመው ሰው ግን ከኔ እጅ ሻይ ጠጥቷል።» በ1973 ባለቤቶቹ ፋብሪካውን እንዘጋለን ሲሉ ሠራተኛው በሩን ይዞ ተቀመጠ። እሳቸውም በር ላይ እሳት ከሚሞቁት አንዱ ነበሩ። በ1975 ፋብሪካው የሠራተኞቹ ኅብረት ሥራ ሆነ። ደሞዝ ለሁሉም እኩል፣ በሳምንት 50 ፓውንድ፣ ጠራጊ ብትሆን ባለሙያ ብትሆን። በ1983 ተዘጋ። ያን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ መፍቻውን ግን በጨርቅ ደጋግመው ይጠርጋሉ።

ባለፈው ነሐሴ ባዝ ድረስ ሄድኩባት። 90 ማይል ገደማ ነው። በሀይዌይ አይደለም፣ ሮማውያን ባሰመሩት ፎስ ዌይ ነው፤ ለረጅሙ እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ስንዴ። በ50 ማይል ስትሄድ ሞተሩ ያዜማል። ከ60 ስታልፍ እጅ ይደነዝዛል። መንገድ ላይ ስቶው የምትባል ከተማ ሻይ ልጠጣ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ሰው አለቀቀኝ። አንዱ አባቴ ነበረው፣ ሌላው በዚህ ነው ሚስቴን ያገባሁ ይላል። ከየት ነህ ያለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የጠየቀኝ ስንት ስሪት ናት ብሎ ነው። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም።

ባዝ የሄድኩት ፌርፊልድ ሀውስን ለማየት ነው። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በኋላ፣ በ1958፣ ለከተማው ሰጥተውታል። በሩ ላይ አቆምኳትና ፎቶ አንስቼ ለሽማግሌው ላክሁ። እሳቸው የመለሱልኝ ስለ ቤቱ አልነበረም፤ «የግራው መስታወት ዞሯል፣ አጥብቀው» የሚል ነው።

ስመለስ ሲረንሰስተር አካባቢ የፊት መብራቱ ጠፋ። መንቀጥቀጡ የአምፖሉን ክር በጥሶታል። ከመሄዴ በፊት ግን ሽማግሌው ኪሴ ውስጥ ትርፍ አምፖል፣ ሁለት ካንዴላና ሽቦ በግድ ከተውልኝ ነበር። ለአምፖሉ ስንት ልክፈል ስላቸው እንደ ተሰደበ ሰው አዩኝ።

እንግሊዝ ውስጥ ያላችሁ፣ የድሮ ትራያምፍ ወይም ቢኤስኤ የሚባለው ሌላ የእንግሊዝ ሞተር ያላችሁ፣ ወይም ልትገዙ አስባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሚያይላችሁ ሰው የምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የጃፓን ሞተር ይዛችሁ አትሂዱ፣ አይነኩም። ካርድ አይቀበሉም። ብስኩት ግን ይቀበላሉ፣ ዝንጅብል ያለበትን። ቅዳሜ ቤት ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት በር አታንኳኩ።