ለኮዬ ፈጬው የኮፒ ቤት ልጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ትናንት ማታ ከሲያትል አንዲት ሴት ደወለችልኝ። «የካዛንቺሷ ባለ በርበሬ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ ስላት እልልታዋን ለቀቀችው። ስልኬ አልሠራ እያላት ስትፈልገኝ ከርማ ሞታለች ብላ ቆርጣ ነበር። ከዚህ የተመለሰ ዘመዷ ምጥን ሽሮ ወስዶላት፣ ላስቲኩ ላይ ያለውን የኢንተርኔት ስሜን አይታ ስልኳ ላይ ጻፈችው፤ ቁጥሬ ወጣላት፤ ነካችው፤ እኔ ጋ ጠራ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሳልቅስ ቆይቼ ይህን ስም ያወጣልኝን የኮፒ ቤት ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው አልኩና መጻፍ ጀመርኩ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ካዛንቺስ ሃያ ሁለት ዓመት ባልትና ስሠራ አድራሻ የሚባል ነገር አስፈልጎኝ አያውቅም። በርበሬ ስንቆላ የሚያስነጥሰው ሰው ሁሉ ቤቴን ያውቀዋል። ከሰፈሩ ተነስተን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ጉዱ ፈላ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ታጠፉ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ ሱቅ ያለበት ብሎክ ጋ ስትደርሱ... ብሎኩ ሁሉ መንታ፣ ሱቁ ሁሉ አንድ ዓይነት! ደንበኛ ሁለት ጊዜ ከጠፋበት ሦስተኛ አይሞክርም፤ ሱፐርማርኬት ገብቶ የታሸገውን ይገዛል።

በዚያው ሰሞን ታክሲ ውስጥ ስልኬን ተሰረቅሁ። ሲም ካርዱ የተመዘገበው በሟቹ ባለቤቴ ስም ነው። ድሮ እሱ ነበር የሚያወጣው፣ ማን ያስባል? ቁጥሩን ለማስመለስ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። አንድ ቀን የሞት ማስረጃ አምጪ፣ ሌላ ቀን የጋብቻ፣ ሌላ ቀን የወራሽነት። አንዱ ቀን ላይ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ቀና ሳይል «የቁጥሩ ባለቤት ራሳቸው ይምጡ» አለኝ። የሞት ማስረጃው እኮ እጁ ላይ ነው! «ልጄ፣ እሳቸው ቢመጡ እኔም እወድ ነበር» ብዬ ወጣሁ። ሁለት ሺህ ስቲከር አሳትሜ ነበር በዚያ ቁጥር። ክረምቱን ከሰል ማቀጣጠያ ሆነ።

ከዚያም በፊት የተቃጠልኩበት አለ። ገና ካዛንቺስ ሳለሁ፣ ባለ መስታወት ቢሮ ያላቸው፣ ቡና የሚያስቀርቡ ልጆች «ዌብሳይት እንሥራልዎት» አሉኝ። 25 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። የሠሩልኝ ነገር ላይ የፓስታ ፎቶ ነበረበት። ፓስታ! እኔ ፓስታ ሸጬ አላውቅም። ይታረም ብዬ ብደውል «ነገ»፣ ብደውል «ሰኞ»፣ ቀጥሎ ስልኩ ዝግ። ዓመቱ ሲሞላ ልጄ ከፍታ ብታየው የሱቄ ስም ላይ የቁማር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለካ ስሙን ያስመዘገቡት በራሳቸው ስም ነው፤ ሳያድሱት ሲቀሩ ሌላ ሰው ወሰደው። የእኔ ስም፣ የእኔ ገንዘብ፣ የሌላ ሰው ንብረት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ሳይ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ።

ታዲያ ያን የሞት ማስረጃ ኮፒ ለማድረግ ከብሎኩ ሥር ወዳለችው ኮፒ ቤት ለአራተኛ ጊዜ ስገባ ነው ልጁ ቀና ብሎ «ማዘር፣ ይህን ወረቀት ባለፈውም ኮፒ አድርገውታል። ምን ሆነው ነው?» ያለኝ። በዚያ ሁሉ ወር ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሦስት ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ እሱ ግን ሰማኝ። ሰማኝና አንድ ነገር ጠየቀ፦ «የሚቀጥለው ስቲከር ላይ የግድ ስልክ ቁጥር መኖር አለበት?»

አልገባኝም። ያለ ስልክ ምን ሊሆን! እሱ እንዲህ አለ፦ ስቲከሩ ላይ የማይለወጠውን እንጻፍ፣ የሚለወጠውን ከኋላው እናድርግ። ዶሜይን የሚሉት የስም ዓይነት አለ፤ መጨረሻው ነጥብ ኮም እንደሚባለው ሁሉ ነጥብ ቴል (.tel) የሚባል አለ። ይሄኛው ከመነሻው ለአድራሻ ተብሎ የተሠራ ነው። ሰው ስሙን ሲከፍት ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ሰፈር፣ የሥራ ሰዓት ያገኛል፣ አለቀ። ቁጥሬ አሥር ጊዜ ቢቀየር ውስጡን እቀይራለሁ፤ ላስቲኩ ላይ ያለው ስም እዚያው ነው።

ጎረቤቶቼ «ቴሌ ነው የሰጠሽ?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የእኛው ቴሌ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያን ነጥብ ኢቲ ነው፤ ነጥብ ቴል ግን ቴልኒክ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው የጀመረው። ለሁሉም ሰው የተከፈተው በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ ያኔ ዌብሳይት መክፈት እንኳ አይፈቀድበትም ነበር። ስልኩና አድራሻው እዚያው ስሙ የሚመዘገብበት ሥርዓት ውስጥ ይቀመጥ ነበር ብሎ አስረድቶኛል፤ እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ ቆሎ ሳቀርብለት ነበር። በ2017 ክልከላው ተነሳ፤ ዛሬ እንደ ማንኛውም ዶሜይን የፈለጉትን ገጽ ያስቀምጡበታል። 2009 ማለት በእኛ 2001 ነው። ያኔ ባለቤቴ በሕይወት ነበር፤ የደንበኞችን ቁጥር በጥቁር ደብተር እየጻፈ የመስመር ስልኩ አጠገብ ያስቀምጥ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለኝ። ግማሹ ቁጥር አይሠራም፣ እሱም የለም። ይቅርታ፣ ወጣሁ ከነገሩ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሁሉ በላይ ያሰረኝ የምዝገባው ቀን ነው። «የራስዎ ኢሜይል አለዎት?» አለኝ። የልጄ አለ አልኩት። «የልጅዎ አይሆንም። የእኔም አይሆንም። ስሙ የሚሆነው በስሙና በኢሜይሉ ለተመዘገበው ሰው ነው፤ የከፈለው ማንም ይሁን።» ኪቦርዱን ወደኔ አዞረው። አንድ ጣቴን ይዤ እንደ ቄስ ተማሪ ፊደል በፊደል ስለቅም መብራት ሄደ። ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። መብራቱ መጣ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አልቆጣ፣ አልቸኮለ። የይለፍ ቃሉ ጋ ስንደርስ ከወንበሩ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ሲጨርሱ ይንገሩኝ፤ በወረቀት ጽፈው ከወርቅዎ ጋር ያስቀምጡት» አለኝ፣ ግድግዳውን እያየ። እኔ በስሜ የሆነ ነገር የለኝም ነበር፤ ቤቱ በባለቤቴ፣ ስልኩ በባለቤቴ፣ ዌብሳይቱ በእነዚያ ሰዎች። ያን ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ሳየው አንጀቴን በላው። ያሳደገች እናት ትባረክ!

ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ ፍራንክፈርት ያለች እህቴ ከፈለችው። እዚህ ላይም አልዋሸኝም፦ አንዳንድ ሻጭ የመጀመሪያውን ዓመት አርክሶ ማደሻውን ያስወድዳል፤ ስለዚህ የማደሻውን ዋጋ አይተው ይምረጡ፤ ስሙ የሚገዛ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ነው፣ ካልታደሰ እንደ በፊቱ ሌላ ሰው ይወስደዋል አለኝ። የሚያልቅበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ለውጦ ግድግዳዬ ላይ ያለው የቅዱሳን ካላንደር ላይ እንድከብበት አደረገኝ።

ቁጥሬን በ09 ጀምሬ ልጽፍ ስል ደግሞ አስቆመኝ። «ውጭ ያለ ሰው እንዲህ ቢነካው አይጠራለትም። ዜሮዋን ያውጧት፣ ፊቱ ላይ መደመርና 251 ያስገቡ።» ሲያትልን የደረሰችው ያቺ ዜሮ መሆኗን ትናንት ነው የገባኝ። የብሎክና የቤት ቁጥሬን ላስገባ ስል ደግሞ «ሴት ልጅ አለችዎት፤ ይህን የሚያየው ዓለም ሁሉ ነው፤ ሰፈሩን ብቻ ይጻፉ፣ ቀሪውን ለደወለ ሰው በአፍዎ ይንገሩ» አለ። ይህን የራሴ ወንድም አላሰበልኝም።

ከዚያ ተለማመጂ ተባልኩ። ቁጥሩን ቀይሪ፣ አስቀምጪ፣ በእሱ ስልክ ከፍተሽ እይ፣ መልሺ። ሦስት ጊዜ። ሰለቸኝ፣ አንተው ብትነካካልኝስ አልኩት፤ «እኔ ነገ እዚህ ባልኖርስ?» አለኝ። ግንቦት ላይ አዲሱ ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገባና ተበላሸ፤ ለጊዜው የልጄን መስመር ልጠቀም ሆነ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቀየርኩት። ልጄ ከእንቅልፏ ስትነሳ ሳሎን ውስጥ ስጨፍር አገኘችኝ።

ጉድለት የለውም አልልም። ሰዉ እጁ ነጥብ ኮም ለምዷል፤ ነጥብ ቴል ብዬ ነግሬው መጨረሻው ላይ ኮም ይጨምርና «አይከፍትም» ይለኛል። ለዚህም ልጁ ስቲከሩ ላይ ያቺን በካሜራ የምትነሳ ጥቁርና ነጭ ድርድር፣ ኪውአር ኮድ የሚሏትን፣ አስገባልኝ። ወጣቱ በካሜራ ያነሳታል፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ይጽፋል።

ዋጋውን ብትጠይቁኝ፣ ለድካሙ የወሰደው የአንድ ኪሎ በርበሬ ዋጋ አይሞላም። ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ ብሰጠው ሊከፍል ኪሱን ገባ። ተቆጥቼ ነው የወሰደው።

እና እባካችሁ፣ በተለይ እንደኔ ከመሃል ከተማ ወጥታችሁ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን አካባቢ የገባችሁ፦ ፀጉር ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ብረት በያጆች፣ እንጀራ የምታከፋፍሉ እህቶቼ፣ ደንበኛ የጠፋባችሁ ሁሉ፣ ይህን ልጅ ሂዱበት። ሱቅ ያለው ብቻ አይደለም፤ አስጠኚ የሆነው የጎረቤቴ ልጅ ለራሱ ስም አውጥቶ ስልኩንና ትምህርቱን ብቻ አስቀምጦበታል። ሂዱበት። ባለ መስታወት ቢሮ አትፈልጉ። ሌላ ጋ ብታሠሩም እንኳ «በማን ስም ነው የሚመዘገበው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ካንገዋለለባችሁ ቡናውን ሳትጨርሱ ውጡ።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ያፍራል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በሩ እመራችኋለሁ። ኮፒ ብቻ ለማድረግም ቢሆን ሂዱ፣ እየጠየቃችሁ አስቸግሩት፣ አይሰለችም። ግን እባካችሁ በሠራላችሁ ልክ ክፈሉት፣ እሱ መጠየቅ አይችልበትም።

የሲያትሏ ሴት አምስት ኪሎ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሽሮ አዛለች፤ ቅዳሜ የሚሄድ ሰው አለ። በርበሬው በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ከየረር በኩል ደግሞ ደመና እየመጣ ነው። ላንሳው።