ካኖን 700ዲ ከነሌንሶቹ፦ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በርና ጓሳ ላይ ከተሠራበት በኋላ

በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያ ካሜራውን ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሌም ያው ነው፤ «ቦዲና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዝ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል»። ቦዲ ማለት ሌንስ የሌለው የካሜራው አካል ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚያነሣ ሰው ግን ይህ ምክር ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር (ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) አዲስ አበባ ገዛሁ። ቀጥሎ 55-250፣ በመጨረሻ ደግሞ 50 ኤፍ 1.8 ጨመርኩ። ሦስቱም ኤስቲኤም የሚባሉት፣ ጸጥ ያለ የፎከስ ሞተር ያላቸው ናቸው። ዛሬ እንደገና ልግዛ ብል ቅደም ተከተሉን አልነካውም።

ስለ ቦዲው ብዙ የሚወራ የለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 18 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ነው፤ ቀን ላይ ለሚነሣ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ድረስ ያለ ሐሳብ እሠራለሁ። 3200 ላይ ጥቁሩ ክፍል መሻከር ይጀምራል፣ 6400ን ደግሞ ካልቸገረኝ አልነካውም። ካሉት 9 የፎከስ ነጥቦች የምጠቀመው የመሐለኛውን ብቻ ነው። ስክሪኑ ወደ ጎን ስለሚከፈት መሬት ላይ ሳልተኛ ከሣሩ ሥር አነሣለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩን ሳይሆን ዕቃውን አነጋግሩ። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 16 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሡ፤ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ሹተሩ (ፎቶ ሲነሣ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተነሣበት 700ዲ በሜኑው አያሳይም፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚነበብ። «ብዙም አልተነሣበትም» የሚል ቃል ዋጋ አይጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ 55-250። የ700ዲ ሴንሰር ፉል ፍሬም ከሚባለው ትልቁ ሴንሰር ስለሚያንስ 250ው ልክ እንደ 400 ሚሊ ሜትር ነው የሚያቀርበው። መንዝ ጓሳ ላይ ለጭላዳ ከበቂ በላይ ነው። መንጋው ተቀምጦ ሣር ሲነጭ በርቀት ሆናችሁ ሳትረብሹት ወንዱን ከነጋማው፣ ከነቀይ ደረቱ ታገኙታላችሁ። አንድ የመንዝ አዛውንት በስክሪኑ ሳሳያቸው «እንዴ! ጥርሱ ሳይቀር?» ብለው ደጋግመው አዩት። ለቀይ ቀበሮ ግን 250 ያጥራል። አይጥ አድኖ የሚበላው በቀን ስለሆነ ብርሃኑ አይቸግርም፤ የሚቸግረው ርቀቱ ነው። ከፎቶው ቆርጦ ማውጣት የግድ ይሆናል።

እዚያው የተማርኩት አንድ ነገር ከሌንሱ ዋጋ በላይ ጠቅሞኛል። ካሜራው የብርሃን መጠን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። የጭላዳው ጥቁር ጠጉር ፍሬሙን ሲሞላው ያለ ልክ ያነጣዋል፤ ስለዚህ የብርሃኑን መጠን ወደ መቀነስ እወስደዋለሁ። ጥምቀት ላይ ተቃራኒው ነው። ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ ካሜራው ያጨልመዋል፣ ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል። አንድ ደረጃ ያህል ስጨምርለት ይጸዳል።

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አውቶ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚይዘው ያጣል፤ የሚለየው የጠቆረና የነጣ ነገር የለማ። ያኔ ሌንሱን ወደ ማንዋል አዙሬ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ በእጅ አስተካክላለሁ። ቦዲው ከዝናብ የተጠበቀ ስላልሆነ ክረምት ላይ ፌስታል ከቦርሳዬ አይለይም።

የ50ው ተራ የሚደርሰው ጥር ላይ፣ ሠርግ ሲበዛ ነው። ከቦዲው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው፤ ኤፍ 1.8 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አምፖል ባነሰበት ዳስ ውስጥ ልዩነቱ ይህ ነው። ነገር ግን በዚህ ሴንሰር ላይ 50ው 80 ሚሊ ሜትር ያህል ጠባብ ነው። ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ሲመርቁ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ባፈገፍግም የሚገባልኝ ሁለት ሰው ነው፤ ወደ 18-55 እመለሳለሁ። ቀረብ ብለው በ1.8 ሲያነሡ ደግሞ ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው ይደበዝዛል፤ 2.5 ይሻላል። የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋም ሰማያዊ ትሆናለችና «ሮው» በሚባለው፣ ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት አንሡ፣ ቀለሙ በኋላ ይስተካከላል።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ባትሪ ይገድላል። በብርድ የደከመው ባትሪ ሲሞቅ ስለሚያገግም ትርፉን በደረት ኪሴ ነው የምይዘው። ከውጭ ብርድ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገቡ ካሜራውን ወዲያው አታውጡት። በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል።

ኒኮን ዲ3300 በርካሽ ቢገኝስ ለምትሉ፣ ጥሩ ካሜራ ነው። ነገር ግን ቦዲው ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌለ ከድሮዎቹ ኒኮን ሌንሶች ጋር አውቶ ፎከስ አይሠራም፤ ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። በካኖን በኩል ደግሞ ወደፊት ወደ ትልቅ ሴንሰር ዲኤስኤልአር (እንደ 700ዲ ውስጡ መስተዋት ያለው ካሜራ) የምታድጉ ከሆነ ከሦስቱ አብሮ የሚሄደው 50ው ብቻ ነው። ሁለቱ ዙሞች ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩ ናቸው፣ ትልቁ ላይ አይገጥሙም።

ሐሳባችሁ የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ ግን ይህን ካሜራ አልመክርም። ፎርኬ (4ኬ) የሚባለው ከፍተኛ የቪዲዮ ጥራት የለውም፣ አንድ ቅጂ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቆማል፤ የእኛ ምርቃት ደግሞ በግማሽ ሰዓት አያልቅም።