ለኢልሜንቱፋ አዘጋጆች ምስጋና፤ የሎዥባን ተንታኝ ለምትፈልጉም ጥቆማ

የሎዥባንን ሰዋስው የሚተነትን ፕሮግራም ለራሳችሁ ሥራ ማስማማት ከፈለጋችሁ ከኢልሜንቱፋ ጀምሩ። ሻምኼስ የተባለውን ተንታኝ ወደ ጃቫስክሪፕት አምጥተው ኢልሜንቱፋ ብለው በነጻ ላቀረቡት በጎ ፈቃደኞች ምስጋናችን ከልብ ነው።

ሎዥባን አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ አወቃቀር ብቻ እንዲኖረው ሆኖ የተነደፈ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። የቀድሞው ይፋዊ ሰዋስው የተጻፈው ያክ ለተባለ ተንታኝ ሠሪ ፕሮግራም ነበር። ያክ አሻግሮ የሚያየው አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ቋንቋው እንዲቀሩ የሚፈቅዳቸው መዝጊያ ቃላት (ኩ፣ ኬይ፣ ቫው) የሚስተናገዱት በስሕተት ማገገሚያው በኩል ነበር። ሻምኼስ የተሠራው ብራያን ፎርድ በ2004 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ፔግ በተባለ የሰዋስው አጻጻፍ ስልት ነው፤ መዝጊያ ቃሉ ሊቀር እንደሚችል ለማሳየት የጥያቄ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ፊደልን ወደ ቃል፣ ቃልን ወደ ዐረፍተ ነገር የሚሰበስቡት ደንቦችም አንድ ሰነድ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። በዋናነት የምናመሰግናቸው ለዚህ ነው።

አዲስ ሰዋስዋዊ ቃል ስትጨምሩ የሚገባበትን ክፍል (ሴልማሆ) ፈልጉና ከአማራጮቹ ጋር አስገቡት። ቃሉን በጥቅስ ምልክት አትጻፉ። ለምሳሌ ሚ የሚጻፈው የኤም ደንብና የአይ ደንብ በክፍተት ተለይተው ነው፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ፊደል ደንብ ኮማን፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልን፣ የተከለከሉ የተነባቢ ጥምረቶችንም ይቆጣጠራል። ጥቅስ ይህን ሁሉ ያልፈዋል። ለሙከራ ቃላት በኽ የሚጀምሩት ስለተተዉ ከነባሮቹ ጋር አይጋጩም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ፔግ መጀመሪያ የተሳካለትን አማራጭ ይይዛል፤ አጭሩ ከረጅሙ ከቀደመ ረጅሙ ተራ አይደርሰውም። ራሱን ከግራ የሚጠራ ደንብም ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል፤ በድግግሞሽ ምልክት ተኩት። ተንታኙን በፔግ ጄኤስ (ከፔግ ደንቦች የጃቫስክሪፕት ተንታኝ በሚያወጣው መሣሪያ) ስትገነቡ ያለፈ ውጤት የሚያስቀምጠውን የመሸጎጫ አማራጭ አብሩ፣ አለዚያ እርስ በርስ የተደራረቡ ሐረጎች ላይ ጊዜው እጅግ ሊያሻቅብ ይችላል። በዞይ የሚከፈተው ጥቅስ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከዞይ ቀጥሎ የሚመጣው መክፈቻ ቃል መዝጊያም ስለሚሆን ቃሉን የሚያስታውሰው ኮድ ነው፤ የተሸጎጠ ውጤት ሲነሣ ደግሞ ኮዱ በዚያ ቦታ ዳግም አይሠራም።

የቃል አከፋፈሉን ክፍል ከነካችሁ "ቶስማብሩ"ን ፈትኑ። በላቲን ፊደል መካከሉ ላይ ዋይ ከሌለ "ቶ" ተገንጥሎ "ስማብሩ" ለብቻው ይቀራል፤ ዋይ ከገባ አንድ ቃል ይሆናል። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ ሳድሱ አናባቢ መኖር አለመኖሩን ስለማያሳይ። ስለዚህ የሙከራ ዝርዝራችሁን በላቲን ያዙ።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ "ሎ ጌርኩ ሹ ክላማ" እና "ሎ ጌርኩ ክላማ" የሚሉትን ሁለቱንም አስኪዱ። የመጀመሪያው "ውሻው ይሄዳል" የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው "ውሻዊ ሂያጅ" የሚል ሐረግ ብቻ ነው። ውጤታቸው ተመሳስሎ ከወጣ ለውጡን መልሱት።