መጽሐፈ ሩት በአራት ቅዳሜ፦ ደብረ ብርሃን የተማርኩት ኮርስ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ መንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫ በመጽሐፈ ሩት ላይ የሚሰጠውን ትምህርት ጨረስኩ። አራት ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ልቤን የነካው ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። እኔ የገብስ አገር ልጅ ነኝ። በመከር ጊዜ ከአጫጆች ኋላ ጎንበስ ብለው የሚቃርሙ ሴቶች ሲመጡ እናቴ "ተዋቸው፣ ይውሰዱ" ትለን ነበር። ቸርነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በእስራኤል ግን ሕግ ነው፤ ዘሌዋውያን 19 የእርሻህን ዳር ጨርሰህ አትጨድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለእንግዳ ተው ይላል። ሩት ድሃም መበለትም እንግዳም ናት፤ ያውም ዘዳግም 23 ወደ ጉባኤ አይግባ ካለው ከሞዓብ ሕዝብ የመጣች። መምህሩ አንድ የገብስ ዛላ በመዳፉ አሸት አድርጎ እፍ አለና ፍሬውን አሳየን። ሩት በአንድ ቀን ቃርማ የወቃችው አንድ ኢፍ ያህል ነው፣ 22 ሊትር ገደማ። ይህ ስንት ጎንበስ ቀና እንደሚጠይቅ የቃረመ ያውቀዋል!

ሩት የቃረመችበት እርሻ ባለቤት ቦዔዝ ለምን አውድማ ላይ እንዳደረ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እህል ይጠበቃላ። ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ ምስክር የሆኑት አሥሩ ሽማግሌዎች የከተማው በር ላይ መቀመጣቸውና ጫማ አውልቆ መስጠት በዚያ ዘመን ውል ማጽኛ መሆኑ ግን በደንብ ተብራርቷል።

ቅር ያለኝ የሚታደለው ጽሑፍ ነው። ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ካርታው ላይ ቤተ ልሔምና ሞዓብ አይለዩም፤ የጨው ባሕርን በእስክሪብቶ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። ለከፈልነው ብር ይህ አይገባም።

ለሚቀጥለው ዙር እናቴን አስመዘግባለሁ።