ከደሴ ፒያሳ የገዛሁት የነርሶች ፈቃድ ፈተና ጥያቄና ማብራሪያ

ለሙያ ፈቃድ ፈተና የምትዘጋጁ ነርሶች፣ ይህን ጥራዝ ግዙት፤ ግን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። እኔ ያገኘሁት ደሴ ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጥሩነቱ ማብራሪያው ላይ ነው። መልሱ "ሐ" ነው ብሎ አያልፍም፣ ሌሎቹ ለምን እንደማይሆኑም ይነግራል። ለምሳሌ ማግኒዚየም ሰልፌት (በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት) እየተሰጣት ያለች እናት የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ የሚሰጠው ምላሽ) ጠፍቷል፣ መጀመሪያ ምን ይደረግ ይላል። እኔ ቶሎ ብዬ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔትን መረጥኩ። ማብራሪያው ግን መጀመሪያ መድኃኒቱን አቁም፣ አተነፋፈሷን እይ፣ ማርከሻው ከዚያ ነው አለኝ፤ ያቺ ቅደም ተከተል ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ስሌቱ ግን አናዶኛል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹ የሚገባበት መስመር በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ነው ይላል። በደቂቃ 42 ጠብታ አካባቢ ይመጣል። የመልስ ገጹ 31 ይላል፤ ለካ በ15 ጠብታ አስልተውት ነው። ሆጤ ከምትኖር የጥናት ጓደኛዬ ጋር ሦስት ጊዜ ሠርተን ነው ያመንነው። ዋርድ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት በሽተኛ ይጎዳል፣ እባካችሁ አርሙት። ፊደሉም ደቃቃ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ አይነበብም።